የዘርይሁን ወንፊትና የጠፋው ብሎን

ሰው ሁሉ ዓለምን የሚያየው በተማረው ሙያ ነው። ዘርይሁን ወልደሰንበት የቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ፣ ለእሱ ዓለም ማለት የሚገባና የሚወጣ ነገር ነው። የሚገባው በልኩ ካልገባ፣ የሚወጣውም በልኩ ካልወጣ፣ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ጣሪያ ያንጠባጥባል። ለንደን፣ ቶተንሃም ሰፈር ውስጥ ጣሪያ ሲያንጠባጥብ የሚጠራው እሱ ነው። ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ፣ የብረት ሣጥኑን አንጠልጥሎ ይመጣና ከ«ጤና ይስጥልኝ» በፊት «ዋናው መዝጊያ የት ነው?» ይላል።

የራሱ የማድቤት ቧንቧ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ኖሯል።

«ነገ» ይላታል ለባለቤቱ ለተናኘወርቅ።

«ያንተ ነገ ስንት ኢንች ነው?» ትለዋለች እሷም።

ተናኘወርቅ ሰቨን ሲስተርስ ጣቢያ አጠገብ ባለ የሚኒካብ ታክሲ ቢሮ ስልክ ተቀባይ ናት። ቀኑን ሙሉ አንዱን ሹፌር ወዲህ፣ ሌላውን ወዲያ ስትልክ ስለምትውል ረዥም ነገር አትወድም።

እ.ኤ.አ. በ1998 እነዘርይሁን ቤት ኮምፒውተር ገባ። የገባው ለሥራ አይደለም፤ ለጨዋታም አይደለም። የገባው ለአንድ ሰው ነው። ሰውየው ብሎን ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ የሙያ ትምህርት ቤት ሲማሩ ዘርይሁን አጭርና ድብልብል፣ ጓደኛው ረዥምና ቀጭን ነበሩ፤ አንዱ ያለ አንዱ አይታይም። ስለዚህ ረዥሙ «ብሎን»፣ አጭሩ ደግሞ ብሎን የሚጠብቅበት «ዳዶ» ተባሉ። ብሎን ብቻውን በበሩ ከገባ ክፍሉ በሙሉ «ዳዶው የት ወደቀ?» ይል ነበር። የገዛ እናቶቻቸው ሳይቀሩ በዚያ ጠሯቸው። የመዝገብ ስማቸውን ከስም ጠሪው መምህር በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም።

ደርግ ወጣቱን በሚያሳድድበት ዘመን ዘርይሁን በድንገት አገር ለቀቀ። ብሎንን ለመሰናበት እንኳ ጊዜ አላገኘም። በሱዳን በረሃ ሲወጣ ከረጢቱ ውስጥ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪና አንድ ባለ አሥራ አራት ኢንች የቧንቧ መፍቻ ነበረ። መፍቻው የብሎን ነው፤ እጀታው ላይ በቀይ ቀለም «ብ» ተብሎ ተጽፎበታል። ዘርይሁን ለሁለት ቀን ነበር የተዋሰው። ውኃ በሌለበት በረሃ የቧንቧ መፍቻ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ያየው መንገድ መሪ፣

«ኧረ ይሄን ብረት ጣለው፣ ይገድልሃል» ቢለው፣

«የሰው ነው» አለ ዘርይሁን።

እንግዲህ መፍቻው ሃያ ዓመት ሙሉ ከሣጥኑ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ኖረ። አንድ ቀን እንኳ ሥራ አልሠራበትም፤ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ዘይት ይቀባዋል።

በዚያ ዓመት ታዲያ ሆሎዌይ ሰፈር አንድ ክርስትና ላይ ዳኛቸው የሚባል የድሮ የክፍል ጓደኛቸው ተገኘ። ለጉብኝት ከካናዳ መምጣቱ ነው።

«ብሎን ካልጋሪ ነው!» አለው። «ፀጉሩ ነጭ፣ ሆዱ ይሄን ያህል! ሁሌ ያነሳሃል። የእሱን ኢሜይል በቃሌ አልያዝኩትም፤ ያንተን ስጠኝና እሰጠዋለሁ፤ እሱ ዛሬ ደብዳቤም ስልክም እርግፍ አድርጎ ትቷል።»

ዘርይሁን ኢሜይል የሚባል ነገር አልነበረውም። «ነገ እሰጥሃለሁ» አለ። ነገ ብሎ ነገ ያደረሰው ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። በማግሥቱ ከአንድ ደንበኛው ያገለገለ ኮምፒውተር ወሰደ፣ ከስልኩ መስመር ጋር አገናኘው፣ አድራሻ አወጣና ለዳኛቸው በወረቀት ጽፎ ሰጠው። ከዚያ ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።

በሦስተኛው ቀን አንድ መልእክት መጣ። «ውድ ወዳጄ» ይላል።

«ብሎን!» ብሎ ጮኸ ዘርይሁን።

ብሎን አልነበረም። የፀጉር ማብቀያ ሻጭ ነበር። ዘርይሁን አናቱን ዳበስ አደረገ። «መመለጤን ማን ነገራቸው?»

«ሰውየው ሰላም ብሎሃል አይደል?» አለች ተናኘወርቅ። «ሰላምታ አይመለስም እንዴ? ነውር ነው።»

እውነትም ነውር ነው። ዘርይሁን ቁጭ ብሎ በሁለት ጣቱ፣ በእንግሊዝኛ፣ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ለጤናዎ እንደምን አሉ? ቤተሰብ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ፀጉሩን በተመለከተ ለጊዜው ይቅርብኝ።»

ፀጉር ሻጩ በሕይወቱ ሰላምታ የመለሰለት ሰው አግኝቶ አያውቅም መሰለኝ፣ አድራሻውን ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አደለው። በሳምንቱ በቀን አርባ ወዳጆች ይመጡ ጀመር። አንዱ ሳይማሩ ዲግሪ፣ አንዱ ሳይጾሙ መክሳት፣ አንዱ ሳይሠሩ መክበር ያስተምራል። አንዷ ሴት ደግሞ ፎቶዋን ልካ ነበር፤ ፎቶው በስልኩ መስመር ተጎትቶ እስኪወርድ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። መጀመሪያ ግንባሯ፣ ቀጥሎ ዓይኗ፣ ቀጥሎ አፍንጫዋ... ተናኘወርቅ ከኋላው ቆማ ነበር።

«ብሎን እንዴት አምሮበታል!» አለች።

ዘርይሁን መስመሩን ከግድግዳው ነቀለው።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። አርባው ጀንክ፣ ማለት ያልጠሩት የማስታወቂያ ደብዳቤ፣ ሲወርድ ስልኩ ተይዞ ይውላል፤ የሚደውል ደንበኛ አያገኘውም። ከዚያ በላይ ግን የብሎን ደብዳቤ የመጣ እንደሆነ በዚያ ሁሉ ቆሻሻ መካከል ሳያየው አብሮ እንዳይደፋው ፈራ። ሃያ ዓመት የጠበቁት ደብዳቤ ከፀጉር ማብቀያ ጋር ቢደፋ ምን ይባላል?

ስለዚህ ሰቨን ሲስተርስ ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ወደ ሙባሽር ሱቅ ሄደ። ሙባሽር ከማውራቱ በፊት መነጽሩን የሚያጸዳ ትሑት ወጣት ነው።

«ጋሽ ዘርይሁን፣ እርስዎ የሚያስፈልግዎ ፊልተር ነው። ሦስት ዓይነት አለኝ።»

«ማጣሪያ ለኔ ነው የምትነግረኝ?» አለ ዘርይሁን ወንበር እየሳበ። «የመጀመሪያውን አምጣ። ቀዳዳው ምን ያህል ነው?»

«ይሄ የሚያውቁትን ሰው ብቻ ነው የሚያስገባ። የሰዎቹን አድራሻ አስቀድመው ይሞላሉ።»

«የምጠብቀውን ሰው አድራሻ አላውቅማ! እንግዳው እሱ ነው። ዝጋው። ይሄ ወንፊት አይደለም፣ ክዳን ነው።»

«ሁለተኛው ለጻፈልዎ ሁሉ ‹ማን ነህ?› ብሎ በራሱ ይጠይቃል። ከመለሰ ይገባል፤ ካልመለሰ ይቀራል።»

ይሄ ለዘርይሁን ጨዋ መሰለው። ወስዶ ገጠመው። በማግሥቱ ሲከፍተው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መልእክት ተቆልሏል። ለካ ፀጉር ሻጩም በራሱ የሚመልስ ማሽን ኖሮታል። የዘርይሁን ማሽን «ማን ነህ?» ይላል፤ የዚያኛው «ስለጻፉልን እናመሰግናለን» ይላል፤ ይሄኛው እንደገና «ማን ነህ?» ይላል። ሁለቱ ሲጨዋወቱ አድረዋል።

«በመካከላቸው ሽማግሌ ይግባ እንጂ» አለች ተናኘወርቅ።

ሦስተኛው ቀረ። ሦስተኛው የቃል ወንፊት ነው። የተከለከሉ ቃላት ይሞሉበታል፤ ከነዚያ አንዱ በርእሱ ወይም በላኪው ስም ላይ ከተገኘ መልእክቱን ወደ ጎን ይጥለዋል።

«የተጣለው ወዲያው ይጥፋ ወይስ ይቀመጥ?» አለ ሙባሽር ሲገጥምለት።

«ይቀመጥ እንጂ! ሲፎን የሌለው መታጠቢያ ገጥሜ አላውቅም» አለ ዘርይሁን። ሲፎን ማለት ከመታጠቢያው ሥር ያለው ጎባጣ ቧንቧ ነው፤ የወደቀ ነገር ወደ ዋናው ፍሳሽ ከመሄዱ በፊት እዚያ ይቀራል።

ቃላቱን ለመምረጥ የሙያተኛ ሥራ ሠራ። ባለ መስመር ደብተር ገዛ፤ ሁለት ቀን ሙሉ የመጣውን ጀንክ ሁሉ እያነበበ፣ የትኛው ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ በጭረት መዘገበ። «ነፃ» ዘጠኝ ጭረት። «ፀጉር» ስድስት። «ዋስትና ያለው» አምስት። አንደኛ የወጣው ግን «ሚሊዮን» ነው፤ ሃያ ሦስት ጭረት። ሚሊዮን ያግኙ፣ ሚሊዮን ይጠብቅዎታል፣ ሚሊዮን በርዎ ላይ ቆሟል።

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» አለና «ሚሊዮን»ን ከዝርዝሩ አናት ላይ በትልቁ ጻፈው።

ጸጥ አለ። እንዴት ያለ ጸጥታ! በቀን አርባ ይመጣ የነበረው ዜሮ ሆነ። ዘርይሁን እጁን አጣምሮ ባዶውን ሳጥን እንደ ደረቀ ጣሪያ ይመለከተው ጀመር። ወሬው በሰፈሩ ተዛመተ፤ ክርስትና ላይም ለቅሶ ላይም ስለ «ቃል ወንፊት» ያስረዳ ጀመር። «ምስጢሩ ከቀዳዳው ልክ ነው» ይላል።

«ውኃውስ?» አለችው አንድ ቀን ተናኘወርቅ። «ቆሻሻው ቀረ፤ ጥሩ። ውኃው ግን መጣ?»

አልመጣም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር ሊሞላ ሆነ፤ ከብሎን ድምፅ የለም። ዘርይሁን መጀመሪያ ዳኛቸውን ጠረጠረ፤ ቀጥሎ ካናዳን ጠረጠረ። በመጨረሻ መፍቻውን ከጨርቁ አወጣና ለብቻው ቁጭ ብሎ ተመለከተው።

«ተቀይሞኛል» አለ። «ሳልሰናበተው፣ መፍቻውን ይዤ ጠፋሁ። ምን ብሎ ይጽፍልኛል?»

ወንፊቱን ግን አልጠረጠረም። ቀዳዳውን የለካው እሱ ነዋ።

አንድ ቅዳሜ ከሆሎዌይ ወይዘሮ ውባንቺ ደወሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ስልኩ ውስጥ የሚናገሩት ግን አይገባም፤ «ፍ» እና «ሽ» ብቻ ነው። ሲደርስ ነገሩ ተገለጠ። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ሲያጥቡ ከእጃቸው አምልጦ በመታጠቢያው ቀዳዳ ገብቷል።

«አይዞዎት እትዬ፣ አልሄደም» አለ ዘርይሁን ከመታጠቢያው ሥር እየተንበረከከ። «ሲፎኑን ሳያልፍ የጠፋ ነገር የለም።»

ባልዲ ደቀነ፣ ጎባጣውን ቧንቧ ፈታ፤ ጥቁር ውኃ፣ የፀጉር ማበጠሪያ ስባሪ፣ ከዚያም ጥርሱ ከነፈገግታው ወጣ። አጥቦ ሰጣቸው። ገጥመውት፣ ነክሰው ሞከሩትና እንደ ሰው አወሩ።

«ተባረክ ልጄ! ምነው ግን ፊትህ ጠቁሯል?»

ዘርይሁን የሆዱን ለሰው የማያወራ ሰው ነበር፤ ግን መንበርከክ ላይ ያለ ሰው ይናዘዛል። የብሎንን ነገር ከመፍቻው እስከ ዝምታው ነገራቸው።

«ስሙን ንገረኝና በጸሎቴ ላስበው» አሉ።

«ብሎን።»

«ብሎንማ ምን ስም ነው! መልአኩን ብሎን ፍታልኝ ልበለው? ወላጆቹ ያወጡለትን!»

«የመዝገቡን?» ዘርይሁን ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ስም ጠሪው መምህር፣ ደብተሩ፣ የፊተኛው ወንበር... «ሚ... ሚሊዮን። ሚሊዮን ጎበና።»

ከተንበረከከበት ብድግ አለ።

«ደግ ስም ነው» አሉ ወይዘሮ ውባንቺ። «የአጎቴ ልጅም—»

«ሚሊዮን!» ብሎ ጮኸ ዘርይሁን። «አንደኛ የወጣው! ሃያ ሦስት ጭረት! በእጄ፣ በትልቁ ነው የጻፍኩት!»

ወይዘሮ ውባንቺ በድንጋጤ «በስመ አብ!» ሲሉ ጥርሳቸው ከአፋቸው ወጥቶ በመታጠቢያው ጠርዝ ተንሸራተተና ባልዲው ውስጥ ጥልቅ አለ። ዘርይሁን እንደገና አወጣው፣ እንደገና አጠበው፣ ሲፎኑን መልሶ ገጠመ፤ የሰው ቤት ፈትቶ አይሄድም። ከዚያ ሮጠ።

ቤት ሲደርስ ኮምፒውተሩን ከፈተ። የተጣሉት የሚጠራቀሙበት ቦታ፣ ያ በሙያው ወግ ያስገጠመው ሲፎን፣ ከተገጠመ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። ሲፎን የሚከፈተው ሲሸት ነው፤ ይሄ ደግሞ አይሸትም። ስምንት መቶ አንድ መልእክት አለበት። ከነዚያ መካከል አራቱ ላኪያቸው ሚሊዮን ጎበና ነው፤ አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ።

የመጀመሪያው ርእሱ «ሚሊዮን ነኝ» ይላል፤ ውስጡ ደግሞ፦ «ዳዶ፣ አለህ ወይ? ዳኛቸው አድራሻህን ሰጠኝ።»

ሁለተኛው «ከሚሊዮን ለአንተ ብቻ»። «ዳዶ፣ አልመለስክልኝም። ኮምፒውተርህ ተበላሽቶ ይሆናል።»

ሦስተኛው «ሚሊዮን አሁንም እየጠበቀህ ነው»። «መፍቻውን አንተ እንደወሰድክ ሃያ ዓመት አውቃለሁ። ለእሱ ብለህ ከሆነ የምትደበቀኝ፣ መፍቻ አራት አለኝ። አንተ ግን አንድ ነህ።»

ዘርይሁን ዓይኑን በቱታው እጅጌ ጠረገ። አራተኛው፦ «የመጨረሻ ዕድል! ሚሊዮን ቅዳሜ ለንደን ይመጣል!»

ፀጉር ሻጩ እንኳ እንዲህ አሳምሮ ጀንክ አልጻፈም።

«እናቴን ለማየት አዲስ አበባ ስሄድ ቅዳሜ በሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አልፋለሁ» ይላል። «ሻንጣዬ በቀጥታ ያልፋል። ተርሚናል ሦስት፣ መንገደኛ መቀበያው አጥር አጠገብ እስከ ፈረንጅ ስድስት ሰዓት እቀመጣለሁ። ካልመጣህ ገባኝ ማለት ነው። ሁለተኛ አላስቸግርህም።»

ቅዳሜ ዛሬ ነው። ሰዓቱ በፈረንጅ አራት ከአሥር ነው።

ስልኩን አነሳና ለተናኘወርቅ ሊደውል ቢል ጆሮው ውስጥ ሲርርር አለበት፤ ኮምፒውተሩ መስመሩን ይዞታል። ነቅሎ ደወለ።

«መኪና! አሁኑኑ! ብሎን ሂትሮው ነው! ብሎን ሚሊዮን ነው!»

«ሰክረህ ነው?»

«ስሙ! ስሙ ሚሊዮን ነው! ወንፊቱ ያዘው!»

ተናኘወርቅ አንድ ጊዜ ብቻ ተነፈሰች። «የሚስትህን ስም ያልጻፍክበት እግዜር ሲረዳኝ ነው። ስማ፣ መኪና አልልክልህም፤ በቅዳሜ መንገድ ነገ ነው የምትደርሰው። ባቡር ያዝ። ፊንስበሪ ፓርክ ወርደህ ቀይር፣ የሂትሮው ባቡር እዚያው ፊት ለፊት ይቆማል። ዘሩ!»

«ወይ!»

«መፍቻውን እንዳትረሳ።»

ዘርይሁን በቱታው፣ እርጥብ ጉልበቱን ይዞ፣ መፍቻውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ አንድ ሰዓት ከሩብ በባቡር ተቀመጠ። ወንበሩ ግራና ቀኝ ባዶ ነበር፤ ቆሞ የሚሄድ ሰው ሞልቶ ሳለ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። በየጣቢያው ሰዓቱን ያያል። ሂትሮው ሲደርስ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ደረጃውን እየዘለለ ወጥቶ መቀበያው አዳራሽ እንደገባ አንድ ፖሊስ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ጌታዬ፣ በእጅህ የያዝከው ምንድን ነው?»

«የሰው ዕቃ ነው። ባለቤቱን እየፈለግሁ ነው።»

«ባለቤቱ ማን ነው?»

«ሚሊዮን!»

«ስንት ሚሊዮን?»

«አንድ!» አለ ዘርይሁን፣ ሰዓቱን እያየ። «አንድ ብቻ ነው ያለኝ!»

ፖሊሱ መፍቻውን ተቀብሎ ያገላብጠው ጀመር። ዘርይሁን በሰውየው ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ ዳኛቸው የነገረውን ረስቶ፣ ያንን ረዥም ቀጭን ልጅ ፈለገ። አጥሩ አጠገብ ቀጭን የለም። ሕፃን ያዘለች ሴት አለች፤ ጋዜጣ የሚያነብ ሽማግሌ አለ፤ አንድ ነጭ ፀጉር ያለው ሆዳም ሰውዬ ኮቱን እየቆለፈ ለመሄድ ተነስቷል። ዘርይሁን ሆዳሙን አልፎ ተመለከተ። ሆዳሙም ዘርይሁንን አልፎ ተመለከተ። ከዚያ ዓይኑ ፖሊሱ እጅ ላይ፣ ቀዩ «ብ» ላይ አረፈ።

«ይሄ መፍቻ የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ በአማርኛ። ዞር አለና አጭሩን ራሰ በራ አየው። «ዳዶ! አንተ ዳዶ! ፀጉርህን ምን በላው?»

«ሆድህን ምን ሞላው?» አለ ዘርይሁን፣ ክንዱን እየዘረጋ።

ፖሊሱ ሁለት ጎልማሶች ትከሻ ለትከሻ ሲገጫጩ ትንሽ ቆሞ አየና መፍቻውን መሬት ላይ አስቀምጦላቸው ሄደ።

ጊዜያቸው አጭር ነበር። ብሎን «ለምን አልመለስክልኝም?» ሲለው ዘርይሁን ደብተሩን፣ ጭረቱን፣ ሃያ ሦስቱን ነገረው። ብሎን ሆዱን ይዞ እየሳቀ አጥሩን ተደገፈ።

«እናቴ ‹ሚሊዮን ያልኩህ እንዲያልፍልህ ነው› ትለኝ ነበር፤ አንተ ግን አላሳለፍከኝም!»

«እንካ» አለ ዘርይሁን መፍቻውን እያቀረበ። «ለሁለት ቀን ብዬ ነበር።»

ብሎን ተቀበለው፤ በእጁ መዘነው፤ ዘይቱን አሸተተው። አንድ ጊዜ አጥብቆ ያዘውና መልሶ ሰጠው።

«ሻንጣዬ አልፏል። ይሄን ይዤ ወደ አውሮፕላን ልግባ ብል እስር ቤት ነው የማድረው። ስመለስ በሦስት ሳምንት እወስደዋለሁ፤ እስከዚያ ያዝልኝ። ደግሞ ሥራበት እንጂ፤ መፍቻ ዘይት ብቻ ሲጠጣ ይሰንፋል።»

በስድስት ሰዓት ከአምስት ተለያዩ። በዚህ ጊዜ በደንብ ተሰናበቱ፤ ሦስት ጊዜ፣ እንዲያውም አራት።

ዘርይሁን እቤት እንደገባ «ሚሊዮን»ን ከወንፊቱ ሰረዘው። አሁን በየጠዋቱ በደርዘን የሚቆጠሩ ሚሊዮኖች ይመጣሉ፤ እሱም አንድ በአንድ ይከፍታቸዋል፣ ከመካከላቸው አንዱ ብሎን ስለሆነ። ስልኩ ተይዞ ይውላል። ተናኘወርቅ ከማድቤት ትጣራለች።

«መፍቻው ይሠራበት አላለህም? ይሄ ቧንቧስ?»

«ነገ» ይላል ዘርይሁን፣ ከስክሪኑ ዓይኑን ሳያነሳ። «የመፍቻው ባለቤት ሲመጣ ይሠራዋል።»